በየብስ የሰመጠችው ጀልባ

ኮተቤ ውስጥ ጀልባ ስትሰምጥ አየሁ ብል ማን ያምነኛል? ሐይቅ የለንም። ወንዝ የምንለውም በበጋ ድንጋዩ የሚቆጠር ጅረት ነው። ሰፈራችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የእንጦጦን ሰንሰለት ተደግፎ የተቀመጠ ነው፤ ጎርፍ እንኳ ሲመጣ ቸኩሎ ቁልቁል ያልፈናል እንጂ አይተኛብንም። ነገሩ ግን እውነት ነው።

ሰፈሩ ሁሉ በአጭሩ «ጋሼ» የሚላቸው ጎረቤቴ ጡረታ ሲወጡ፣ ቆቃ ሐይቅ ላይ ዓሣ እያጠመድኩ እዝናናለሁ ብለው አንድ ያገለገለች የፋይበር ጀልባ ገዙ። ርዝመቷ አራት ሜትር፣ ወርዷ አንድ ሜትር ተኩል ነው። ግንቦት መጨረሻ ላይ ከነተጎታቿ መጥታ በግቢያቸው ጥግ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆመች። የሰፈሩ ልጆች አጥር ላይ ተንጠልጥለው አይተው አይተው ሲሰለቻቸው ተዋት። ከዚያ ክረምቱ ገባ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ አንድ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። ጋሼ ናቸው፤ ጃንጥላ ይዘዋል።

«ና እስቲ ልጄ፣ አንድ ነገር እይልኝ።»

ሄጄ አየሁ። የተጎታቿ ሁለት ጎማዎች ተንፍሰው ቸርኬው ጭቃ ውስጥ ገብቷል። የጀልባዋ ሆድ እስከ መቀመጫዎቹ ድረስ ውሃ ሞልቶ፣ ላዩ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተንሳፍፏል። መሃል ላይ አንድ ቢጫ ጀሪካን ይዋኛል።

«ጋሼ፣ ውታፏን አላወጧትም እንዴ?» አልኳቸው።

እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ከተው አንዲት የነሐስ ቁራጭ አወጡና መዳፋቸው ላይ አስቀመጡልኝ። «ይቺውልህ! ከመጣች ቀን ጀምሮ ኪሴ ውስጥ ናት።»

ውታፉ ኪስ ውስጥ፣ ውሃው ጀልባ ውስጥ። ይህን እንቆቅልሽ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ውታፏ ራሷ ማውራት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ጀልባ ሊገዛ የሚያስብ ሰው ስለ ሞተሩ የፈረስ ጉልበት አብዝቶ ይጠይቃል እንጂ ስለዚች ጣት የምታክል ዕቃ የሚጠይቅ አይገኝም።

ትንንሽ የሞተር ጀልባዎች ብዙዎቹ ከኋላቸው፣ ሞተሩ ከሚታሰርበት ግድግዳ ግርጌ፣ ከሁሉም ዝቅ ባለው ቦታ ላይ አንዲት ቀዳዳ አላቸው። ብዙ ጊዜ ስፋቷ አንድ ኢንች ወይም 25 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ አውራ ጣት ታስገባለች። ሠሪው ረስቶ የተዋት አይደለችም። ጀልባ ውስጥ ውሃ መግባቱ አይቀርም፦ ማዕበል ይረጫል፣ ተሳፋሪው እግሩን አርጥቦ ይገባል፣ መረቡ ከነውሃው ይጎተታል፣ ዝናብም አለ። ያ ሁሉ ውሃ የሞተሩ ክብደት ወደሚያዘነብለው ወደ ኋላ ሄዶ ይጠራቀማል። ጀልባ ደግሞ እንደ ጀበና ዘንበል ተደርጋ አትቀዳም። ስለዚህ ከውሃ ስትወጣ ቀዳዳዋ ይከፈታል፣ የተጠራቀመው ይወርዳል፤ ወደ ውሃ ስትመለስ ይወተፋል። አያቶቻችን የዕቃ ቀዳዳ የሚደፈንበትን ነገር ውታፍ ይሉት ስለነበር እኔም በዚሁ እጠራታለሁ።

ለኮተቤ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ማማ ላይ የምንሰቅለው ሮቶም ከሥሩ ማጠቢያ መውጫ ሊኖረው ይችላል። ከለገዳዲ ተነሥቶ በእኛ በኩል ወደ ከተማ የሚወርደው ውሃ በፈረቃ ሲደርሰን ሮቶውን እንሞላለን፤ ወራት ሲያልፉ ደለሉ ታች ይተኛል፣ ያን ጊዜ የታችኛው መውጫ ተከፍቶ ይታጠባል። ታላላቆቹ ግድቦችም እንዲሁ የታች ማስወጫ አላቸው፤ ሕዳሴ ግድብም አለው። ልዩነቱ ሮቶው ውሃን ውስጡ የሚይዝ መሆኑ ነው፤ ጀልባዋ ግን ውጭ ልታስቀረው ነው የተሠራችው። የሮቶውን መውጫ ሳይዘጋ የረሳ ሰው የሳምንት ውሃው ፈስሶ ከሚስቱ ጋር ይነጋገራል። የጀልባዋን የረሳ ሰው የሚነጋገረው ከሐይቁ ጋር ነው።

ምን ያህል ውሃ ይገባል? ብዙ ሰው «አንዲት ቀዳዳ ምን ታመጣለች» ይላል። ቀዳዳዋ 25 ሚሊ ሜትር ብትሆንና ከውሃው ገጽ 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብላ ብትገኝ በደቂቃ 35 ሊትር ገደማ ታስገባለች። ሁለት ጀሪካን ሊሞላ ምንም አይቀረው። በሩብ ሰዓት ከግማሽ ቶን በላይ ነው። ደግሞም ውሃው በገባ ቁጥር ጀልባዋ ዝቅ ትላለች፤ የኋላ ግድግዳዋ ጠርዝ ከውሃው እኩል ሲሆን ከዚያ በኋላ የሚገባው በቀዳዳ ሳይሆን በጎርፍ ነው። ክፋቱ ይህ ሁሉ ድምፅ የለውም። ወለል ያላቸው ጀልባዎች ላይ ውሃው ከወለሉ ሥር ይሞላና ጫማህን እስኪነካ ድረስ አታየውም። መጀመሪያ የሚታወቀው መሪው ሲከብድና ጀልባዋ እንደ ጠገበች ላም ስትንቀራፈፍ ነው።

የጣና ሰው ከዚህ ጣጣ የተገላገለው በሌላ መንገድ ነው። ታንኳ ውታፍ የላትም፤ አያስፈልጋትም። የደንገል ነዶ ተጠፍሮ የሚሠራ ነገር ጎድጓዳ ዕቃ ስላልሆነ ውሃ የሚጠራቀምበት ሆድ የለውም። የገባው በነዶው መሃል ተመልሶ ይወርዳል፤ የሚያንሳፍፋት በየአገዳው ውስጥ ያለው አየር ነው። ነገር ግን ለዚህም ዋጋ ይከፈላል። ደንገል ቀስ በቀስ ውሃ ይጠጣል፤ ስለዚህ የዕለት ሥራ ሲያልቅ ታንኳዋ ከውሃ ወጥታ ቆማ መድረቅ አለባት፣ እንዲህም ሆኖ ዕድሜዋ በወራት የሚቆጠር ነው። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ጥንታውያን በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ሲነሣ ደንገሉን ያስመጣው ከጣና ነው። ግብፅ ውስጥ፣ ፒራሚዶቹ አጠገብ፣ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ጠቢባን ሠሩለት። «ራ» ተብላ በግንቦት 1961 ዓ.ም ከሞሮኮ ተነሣች፤ ኋላዋ እየወረደ፣ ውሃ እየጠጣች፣ ባርቤዶስ ሳትደርስ ተጥላ ቀረች። በዓመቱ ሁለተኛዋ ራ በ57 ቀን ተሻገረች። የደንገልም ሆነ የፋይበር፣ ጀልባ የሚሸነፈው በኋላው ነው።

(ኖኅን የማነሣው ለጨዋታ ነው። በርና መስኮት እንዲያበጅ፣ ከውስጥም ከውጭም በዝፍት እንዲለቀልቅ ታዟል፤ ስለ ውሃ ማስወጫ ግን አንድም ቃል የለም። ለአርባ ቀን ዝናብ ጣሪያ ያለው መርከብ ምን ውታፍ ያስፈልገዋል!)

እንግዲህ ወደ ውታፏ። ሁለት ዓይነት ናት ማለት ይቻላል። የጋሼዋ ጥርስ ያላት ናት፦ እንደ ብሎን ትጠመዘዛለች፤ ራሷ ላይ በቁልፍ ወይም በእጅ የሚያዝ ጉብታ አላት። ይህችን ዓይነት የሚያበላሻት ችኮላ ነው። ጥርሱ ጥርስ ላይ ሳይገጥም በግድ ከተጠመዘዘ ይላጣል፤ የላጠው ውታፉን ብቻ ከሆነ በሌላ ይተካል፣ ጀልባዋ ላይ ያለውን ከሆነ ግን ሥራ ተፈጠረ ማለት ነው። ዘዴዋ ቀላል ናት። ውታፏን ቀዳዳው ላይ ቀጥ አድርገህ አስደግፋትና መጀመሪያ ወደ ግራ፣ ማለትም ወደ መፍቻው አቅጣጫ፣ ቀስ ብለህ አዙራት። አንድ ቦታ ላይ «ጠቅ» ብላ ትንሽ ዝቅ ስትል ጣትህ ይሰማዋል። ያ የጥርሱ መነሻ ነው። ከዚያ ወደ ቀኝ። ያለ ጉልበት በሁለት ጣት ሦስት አራት ዙር ከገባች ገጥማለች፤ ገና ከመጀመሪያው ከታገለችህ አልገጠመችም፣ አውጣና እንደገና ጀምር። የቧንቧ ሠራተኞቻችን ይህን ያውቁታል፤ ልጅ ሆኜ አንዱ ቤታችን መጥቶ ሲሠራ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዞር አይቼ የሚጸልይ መስሎኝ ነበር።

በእጅ እስክትጠብቅ ከዞረች በኋላ በቁልፍ ሩብ ዙር ይበቃታል። የፕላስቲኳ ከሆነች ከዚያም ያነሰ። «ለማንኛውም ላጥብቃት» የሚል ሰው ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል፤ ስንጥቁ ደግሞ ያን ዕለት ሳይሆን ሐይቁ መሃል ላይ ይከፈታል። ጥርሱ ላይ ሁለት ሦስት ዙር ቴፍሎን መጠቅለል ያለና የሚረዳ ነገር ነው፤ ግን ውታፏ በወጣች ቁጥር አሮጌው ተልጦ አዲስ ይጠቀለላል። ውስጥ የቀረ የቴፍሎን ብጣሽ ጥርሱ መሃል ገብቶ እንዳትገጥም ያደርጋታል። ቴፍሎን ላልወደደ ውሃ የማያጥበው ግራሶ ትንሽ መቀባት ሁለት ጥቅም አለው፦ ያሽጋል፣ ከቀዳዳዋ ጋር ተጣብቃ አልፈታ እንዳትልም ይጠብቃል።

ብረቷንም ማየት ነው። ነሐስ ለጣፋጭ ውሃ መልካም ነው፤ በጣናና በቆቃ ዕድሜ ይሰጣል። በጨዋማ ውሃ ግን ተራው ነሐስ ውስጡ ያለው ዚንክ እየተበላ ይሄዳል፤ ከላይ ስታየው ደህና ነው፣ ቀላ ቀላ ይላል እንጂ፤ ስትጠመዝዘው እንደ ደረቅ ብስኩት ይፈረፈራል። ቀላ ብላ ካየሃት ጣላት። ዋጋዋ የምሳ ዋጋ ነው።

ሁለተኛዋ ዓይነት ጎማዋ ናት። ጥርስ የላትም፤ በሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች መካከል የተቀመጠ ወፍራም ጎማ ሆና ላይዋ ላይ ምላስ የመሰለ መቆለፊያ አላት። ቀዳዳው ውስጥ ትገባለች፣ ምላሱ ሲታጠፍ ሁለቱ ብረቶች ጎማውን ይጨምቁታል፣ ጎማው ወደ ጎን ያብጥና ቀዳዳውን ይሞላል። ፈጣን ናት፤ ቁልፍ አትፈልግም። መጥበቋ የሚስተካከለው ምላሱ ሳይታጠፍ ራሷን በማዞር ነው፤ ምላሱ ስታጥፈው ትንሽ ሊታገልህ ይገባል። ዘው ብሎ ከታጠፈ ላልታለች፣ የመጀመሪያው ማዕበል ይተፋታል። የጎማ ጠላት ፀሐይ ነው። ምላሷ ታጥፎ፣ ጎማው እንደተጨመቀ ወራት ከተቀመጠች ያንኑ ቅርፅ ይዛ ትቀራለች፤ ስለዚህ ስትቀመጥ ተለቅቃ፣ ከፀሐይ ተሸሽጋ ነው። ጎማውን በጥፍር ጫን አድርገህ ተመልከት፦ ጥፍሩ የገባበት ወዲያው ከተመለሰ ገና ናት፣ ምልክቱ ከቀረ ወይም በጠርዙ እንደ በጋ መሬት የተሰነጠቀ ካየህ አበቃላት።

የሚዘነጋው ግን ውታፏ የምትገባበት ቀለበት ነው። ቀዳዳውን ከቦ የሚይዝ የብረት ወይም የፕላስቲክ ቀለበት አለ፤ በሁለት ወይም በሦስት ብሎን ተይዞ፣ ዙሪያው በማሸጊያ ማስቲሽ ታሽጓል። ማስቲሹ ደርቆ ሲሰነጠቅ ውታፏ የቱንም ያህል ብትጠብቅ ውሃ በቀለበቱ ጠርዝ ይገባል። ይህ ውሃ ጀልባዋን አያሰምጣትም፤ የሚያደርሰው ግን የባሰ ነው። የብዙ ፋይበር ጀልባዎች የኋላ ግድግዳ መሃሉ እንጨት ነው፤ ውሃው ወደዚያ ገብቶ ለዓመታት ያበሰብሰዋል። ከውጭ ቀለሙ ያበራል። ለማወቅ በካቻቪቴ እጀታ ከላይ ጀምሮ ወደ ቀዳዳው እያንኳኩ መምጣት ነው፦ ደረቁ እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይመልሳል፣ የበሰበሰው ዝናብ እንዳገኘው ከበሮ ነው። ያገለገለ ጀልባ ለመግዛት የሚሄድ ሰው ሻጩ ሞተሩን ሲያስነሣለት እሱ በጉልበቱ ተንበርክኮ ይህን ማንኳኳት አለበት። ሻጩ ቅር ቢለው ይበለው።

ሁሉ ደህና መሆኑን መፈተሻው ሐይቅ አይደለም። ግቢህ ውስጥ ውታፏን ግጠም፣ ሦስት ጀሪካን ውሃ ወደ ጀልባዋ ሆድ አፍስስ፣ ከኋላ ዞረህ ደረቅ ካርቶን ከቀዳዳው ሥር አንጥፍና ቁርስህን ብላ። ስትመለስ ካርቶኑ ላይ ነጥብ ካለ ከውታፏ መሃል ይሁን ከቀለበቱ ጠርዝ ታየዋለህ። ከውስጥ ወደ ውጭ የሚያንጠባጥብ ከውጭ ወደ ውስጥም ያስገባል። በፈረቃ ውሃ ለሚኖር ሰው ሦስት ጀሪካን ማፍሰስ እንደሚያም አውቃለሁ፤ ልብስ ከታጠበበት የተረፈውም ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ ዕውቀት በላይ የሚያድነው ልማድ መሆኑ የገባኝ ባሕር ዳር ላይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ዘጌ ልሻገር ማለዳ ዳርቻው ላይ ቆሜ ነበር። አንድ ወጣት ጀልባ ነጂ አሸዋው ላይ ያደረችውን ጀልባውን ሊገፋ ሲል ድንገት ተንበረከከና እጁን ከሞተሩ ሥር ሰደደ።

«ምን ጠፋብህ ወንድሜ?»

«አይ፣ አልጠፋም፤ እንዳይጠፋ ነው።»

የሞተሩን ቁልፍ አሳየኝ። አንድ አሮጌ የጫማ ማሰሪያ ተቋጥሮበታል፤ ጫፉ ባዶ ነው። «ማታ ሳወጣት ውታፏን እዚህ ላይ አስራታለሁ። ጠዋት ቁልፉን ስይዝ አብራ ትመጣለች፤ እሷን ፈትቼ ካልገጠምኩ ቁልፉ አልገባ ይለኛል።» ከዚያ በደረቱ ኪስ አንዲት ትርፍ እንዳለችውም መታ መታ አድርጎ አሳየኝ። እኔ ስለ ጀልባ ያነበብኩትን ሁሉ ያ የጫማ ማሰሪያ ያስንቀዋል። ለጋሼ ጀልባዋን ሲገዙ ነግሬያቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ካፖርታቸውን መረጡ።

ውታፏ ብትረሳስ? ሰው አይደለን። ውሃ ውስጥ ሆነህ ወለሉ እርጥብ ሲሆን መጀመሪያ ሁሉም ሰው የመንሳፈፊያ ሰደርያውን ይልበስ፤ ቀዳዳው ቀጥሎ ነው። ከውስጥ የምትደረስ ከሆነች ትርፏን ግጠም፤ ትርፍ ከሌለ ጨርቅ በእንጨት ላይ ጠቅልለህ እየጠመዘዝክ ወትፍ፤ ያም ከሌለ አውራ ጣት አለ፣ ሌላው ሰው በባልዲ ይቅዳ። ፈጥና የምትሄድ ጀልባ ኋላዋ ላይ ውሃው ወደ ውጭ ስለሚሳብ በተከፈተ ቀዳዳ ውስጧ ያለው ውሃ ሊወጣ ይችላል። ይህን የሚያውቁ ሰዎች ሆን ብለው እየሮጡ ይከፍቷታል። እኔ አልመክርም። ሞተሩ በጠፋ ቅጽበት ያችው ቀዳዳ ፊቷን ታዞራለች። ወደ ዳር ለመድረስ የቀረህ ርቀት አጭር ከሆነ ግን ፍጥነት ወዳጅህ ነው። ቆቃ ላይ ደግሞ ጉማሬና አዞ መኖሩን እያሰብክ ነው የምትነዳው።

አሁን ደግሞ ውታፏን የማውጣት ሌላው ምክንያት፤ ለእኛ አገር ከሁሉም የሚከብደው ይህ ይመስለኛል። ጀልባ በመኪና ተጭና ከሐይቅ ሐይቅ ትሄዳለች። አንዳንዴ ጉዞዋ ረጅም ነው፤ «ጣና ነሽ ሁለት» የተባለችው መርከብ ከጅቡቲ በየብስ ተጭና ስትመጣ ስንቱ ሰው ጉዞዋን እንደ ሠርግ አጃቢ ተከታትሎታል። ትንሿ ጀልባ ግን ሆዷ ውስጥ የቀድሞ ሐይቋን ጥቂት ውሃ ይዛ ብትሄድ ማን ያያታል? በዚያ ውሃ ውስጥ እምቦጭ የተባለው ወራሪ የውሃ አረም ቁራጭ ወይም ዘር ሊኖር ይችላል። እምቦጭ በአገራችን ቆቃና አዋሽ ላይ የታየው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ጣና ላይ የታየው ግን በ2004 ዓ.ም አካባቢ ነው። እንዴት ተሻገረ የሚለውን ለጥናት እንተወው፤ አንዲት ጀልባ ልታሻግረው እንደምትችል ግን ግልጽ ነው፦ ቁራጩ ራሱ ያቆጠቁጣል፣ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ብዙ የአገራችን ሰው በሚኖርባት በአሜሪካኗ ሚኒሶታ ጀልባ ጭኖ አውራ ጎዳና ላይ የሚወጣ ሰው ውታፏን አውጥቶ እንዲሄድ ሕጉ ያስገድዳል። ውታፏ ገጥማ የተያዘ ይቀጣል። እኛ ጋ ባለቤቱ ራሱ ይህን ቢለምድ ምን ይከብደዋል? ሐይቁ ዳር ክፈታት፣ ውሃው እዚያው ይውረድ፣ ጭቃውን እጠብ፣ ሥሩና ቅጠሉ በእጅ ይለቀም፣ ጀልባዋ ፀሐይ ትሙቅ፤ ከዚያ ጫናት።

ወደ ጋሼ ግቢ ልመለስ። ዝናቡ ጋብ ሲል ሂሳቡን እዚያው ቆመን ሠራነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ልክ አንድ ሊትር ነው። የጀልባዋ አፍ ስድስት ካሬ ሜትር ይጠጋል። አዲስ አበባ ላይ ሐምሌና ነሐሴ እያንዳንዳቸው 250 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ቢጥሉ የተለመደ ነው። እንግዲህ አንድ ወር ብቻውን 1,500 ሊትር፣ 75 ጀሪካን፣ አንድ ቶን ተኩል ሊያጠራቅምባት ይችላል። ሃያ ጎልማሳ ሰው ያንን ወር ሙሉ ጀልባዋ ውስጥ ቁጭ ብሎ እንደ መክረም ነው። ጎማው ቢተነፍስ ምን ይፈረድበታል።

ግን ለምን አልፈሰሰም? ወደ ኋላ ዞሬ ቀዳዳዋ ውስጥ ጣቴን ከተትኩ። ለስላሳ ነገር ነካኝ፤ ስስበው አንድ የባሕር ዛፍ ቅጠል መጣ፣ ሁለተኛው ተከተለ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው አልቆ ድርቅ ያለ ነገር ቀረ። ቅጠሉና ቅርፊቱ ከሰኔ ጀምሮ እየረገፈ፣ ዝናቡ እያጠበ ወደ ቀዳዳዋ ሲያመጣው፣ ከጭቃው ጋር ተጋግሮ ነሐሱ ከሚሠራው የበለጠ ውታፍ ሆኗል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ መጥቶ ስሙን ከባሕር የወሰደ ዛፍ፣ ኮተቤ ላይ ጀልባ ሲያገኝ እንዲህ አደረጋት። ሌላም ጥፋት ነበር፦ ግቢው ቁልቁለት ነው፣ ተጎታቿ ደግሞ ፊቷ ወደ ታች ዞሮ ነው የቆመችው። ቀዳዳዋ ዝቅተኛው ቦታ መሆኗ ቀርቶ ከፍተኛው ላይ ተሰቅላለች።

ጋሼ ከቤት የልብስ መስቀያ ሽቦ አምጥተው አቃኑትና ሰደዱት። ሦስት ጊዜ ወጋ ወጋ አደረጉ። መጀመሪያ ጥቁር አተላ ተንጠባጠበ፣ ቀጥሎ አንድ ነገር «ቧ» አለና ውሃው እንደ አውራ ጣት ወፍሮ ወጣ። ጫማችን ላይ ነው የወረደው። ፊት ለፊቷን በክሪክ ከፍ አድርገን ድንጋይ ስናስደግፍላት ይባስ በረታ። ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ፈሰሰ። በዚያ መሃል የተነጋገርነው ቀሪው ክረምት እንዴት እንደሚያልፍ ነው፦ መሃሏ ላይ ቋሚ እንጨት ተተክሎ ውሃ እንዳያቁር ሾጠጥ ብሎ የሚወጠር ሸራ፣ ቀዳዳዋ ላይ ከውስጥ በኩል ቅጠል የሚያግድ የወንፊት ብጣሽ፣ እና ዝናብ በበረታ ማግስት አንድ ጊዜ በሽቦ ወጋ ማድረግ። ውታፏን ከኪሳቸው ተቀብዬ በሲባጎ ከሞተሩ ቁልፍ ጋር አሰርኳት። አልተቃወሙኝም።

ውሃው በበሩ ሥር ሾልኮ ኮብልስቶኑን ተከትሎ ወደ ቦዩ ወረደ። ጋሼ ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ ተደግፈው በዓይናቸው ሸኙት።

«ይኼ አሁን የት ነው የሚደርስ?»

«ወደ ጅረቱ፣ ከዚያ አቃቂ» አልኳቸው። «ከአቃቂ አባ ሳሙኤል፣ ከአባ ሳሙኤል አዋሽ።»

«ከአዋሽስ?»

«ቆቃ።»

ጋሼ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ጀልባዋን ጎኗ ላይ ቸብ ቸብ አደረጓትና «ሰማሽ?» አሏት፤ «ውሃሽ ቀድሞሽ ሄደ።»